ሽማግሌ የማይቀመጥበት ሳምንት

ባሌን ልፈታ የቆረጥሁት በፋሲካ ማለዳ ነው። ምክንያቱን ለሰው ስናገር ይሳቅብኛል፤ ይሳቅ፣ ቆብ ከደፋሁ ወዲህ የሰው ሳቅ አያስቀይመኝም። ምክንያቴ «እም» የምትል አንዲት ድምፅ ነበረች።

ከዓርብ ጀምሮ አክፍዬ ነበር፤ እህል ውሃ በአፌ አልዞረም። እንዲያ ሆኜ፣ ጉልበቴ እየከዳኝ፣ ሽንኩርቱን ከትፌ፣ ዶሮውን ደጋግሜ አጥቤ፣ ቅቤውን አንጥሬ ወጡን ሠራሁ። ከቅዳሴ ስንመለስ ሌማቱን አቀረብሁለት። በላ። አጥንቱን ጋጠ፣ እንቁላሉን በላ፣ ጠላውን ጠጣ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም። እጁን እስኪታጠብ ጠብቄ «ጣፈጠህ?» አልሁት። «እም» አለና ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። እኔ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ንጋትን ጠበቅሁ። ሲነጋ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ነፍስ አባታችን ቤት ሄድሁ።

ታዲያ ምን እንዲልሽ ፈልገሽ ነበር ይሉኛል። ነገሩ የአንድ ቀን አልነበረማ! ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ጎረቤቶቼ የሚቀኑበት ባል ነበር። እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም፣ ሰክሮ ገብቶ አያውቅም፣ በሌላ ሴት ደጅ ታይቶ አያውቅም። ግን አይጠይቅም። ሲርበው ሞሰቡን ራሱ ይከፍታል፤ ልብሱ ሲቀደድ ራሱ ይጥፈዋል፤ ሲያመው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ያን ዘመን ንጉሡ ከተማቸውን ደብረ ታቦር ላይ አድርገው ስለነበር፣ መንገድ ጥረጉ ድንጋይ ተሸከሙ እየተባለ ወንዱ ሁሉ በየተራ ይጠራ ነበር። እሱም ሁዳዴ ሳይገባ ሄዶ፣ ጾሙ ሊፈታ ሲል መዳፉ ተልጦ ተመለሰ። ምን ስትሠራ ከረምህ ብለው «ድንጋይ» አለኝ። መዳፍህን ላሽልህ ብለው «ይድናል» አለ። ዳነም።

እኔ ደግሞ ያደግሁት ጉና ሥር ነው፤ ሰው በብርድ ተቃቅፎ በሚያድርበት፣ ቀኑን ሙሉ አምጭ፣ ውሰጅ፣ ነይ፣ ሂጅ ሲባባል በሚውል ቤት። ከዚያ ወጥቼ ደራ ወርጄ፣ ከወንዛዬ ፍል ውሃ ብዙ በማይርቅ መንደር ስዳር ሙቀቱም ዝምታውም አንድ ላይ ወረዱብኝ። ምንም የማይጠይቅሽ ሰው ቤት ውስጥ፣ መኖርሽን በምን ታውቂያለሽ? ለዓመታት እንግዳ ሆኜ የተቀመጥሁ ይመስለኝ ነበር። ልጅም እግዜር ገና አልሰጠንም ነበር።

የነፍስ አባታችንን፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያደሩትን ሽማግሌ፣ ደጃቸው ላይ ካለችው ዋንዛ ሥር ቁርበት አንጥፈው አረፍ ብለው አገኘኋቸው። መስቀላቸውን ተሳልሜ ነገሩን ነገርኋቸው። ባሌን አስጠሩት። ዓይኑ በእንቅልፍ አብጦ መጣ።

«ይህች ልጅ አልኖርም ትላለች። አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት።

«እንዳለች» አለ።

ሰው ሚስቱ ልሂድ ስትለው እንዴት «እንዳለች» ይላል? ቢሰድበኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር።

አባታችን ግን አልቸኮሉም። «ስሙኝ ልጆቸ» አሉ። «ዛሬ ጌታችን የተነሣበት ቀን ነው። ሳምንቱ እንዳለ በዓል ነው፤ አይታረስም፣ አይፈተልም፣ ክርክርም አይሰማም። ሽማግሌ የሚቀመጠው ዳግም ትንሣኤ ሲያልፍ ነው። ሰኞ እኔው ሁለት ሽማግሌ ይዠ እመጣለሁ። እስከዚያ ቤቱን ጥሎ የወጣ እሱ ጥፋተኛ ነው፤ ከዕቃውም ድርሻ የለውም።»

«ማን ይከፍላል አባቴ?» አልሁ። በአገራችን ልማድ ሲፋቱ አንዱ ወገን ዕቃውን ሁለት ቦታ ይከምራል፤ ሌላው ደግሞ ከሁለቱ የወደደውን ክምር ያነሣል። የሚከፍለው ሰው የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ አያዳላም ተብሎ ነው።

«አንች ክፈይ፤ እሱ ይምረጥ» አሉኝ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። የቤቱን ዕቃ እኔ ነኝ የማውቀው። ወደ ቤት ስንመለስ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ እየሄድን፣ በሐሳቤ ክምሩን አንድ ብዬ ጀመርሁ።

የዚያን ሳምንት ፀሐይ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ገና በጧቱ አፈሩ ይግላል። ከብቶቹ ወደ ጥላ ገብተው አይንቀሳቀሱም፤ ውሾቹ ምላሳቸውን አውጥተው ከቤት ጥግ ይወድቃሉ። በቆላው በኩል ጣና ከሩቅ እንደ ነጭ ክር ሆኖ ይታያል፤ ረፋዱ ላይ ክሩ ይርገበገብና ከሰማዩ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ ዝም ይላል። የዋነስ፣ የዱር ርግቧ፣ ድምፅ ብቻ ከግራሩ ውስጥ ይሰማል፣ እሷም አንዴ ጀምራ ትታው ታንቀላፋለች። የጉና ልጅ ነኝና ሙቀት ጠላቴ ነበር። ያን ሳምንት ግን የሚሠራ ሥራ አልነበረም፤ ሙቀት ደግሞ ሥራ ለሌለው ሰው ሌላ ነገር ነው። ሰውነቴ ሲላላ ይታወቀኝ ነበር።

ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ሥራ ከሌላቸው ምን ያደርጋሉ? ይበላሉ። ፍሪዳው የመንደሩ ቅርጫ ነበር፤ ድርሻችን ተዘልዝሎ በጠፍር ላይ ተሰቅሏል። ጠላው እያለቀ ሲሄድ ውሃ ጨምሬ ቅራሪ አደረግሁት። በዚያ ሙቀት ከጋኑ ሥር የተቀዳ ቀዝቃዛ ቅራሪ፣ ፊት ላይ ላብ እየወረደ ሲጠጡት፣ ጠጅ ምኑ ነው? እኔ በበኩሌ ከንጉሥ ግብር ቤት ቢጠሩኝ አልሄድም ነበር።

አላናግረውም ብዬ ምዬ ነበር። ግን የፋሲካ ሰላምታ አለ፤ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ያለህን ሰው አለመመለስ ኃጢአት ነው። ማለዳ ማለዳ ከመደቡ ተነሥቶ ፊቴ ይቆምና ይህንኑ ይለኛል። እኔም ጥርሴን ነክሼ እመልሳለሁ። ከመልሱ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አለ፤ ደግሞ ከሰላምታ በኋላ ፊት ማዞር ያሳፍራል። ስለዚህ ጥቂት እንቆማለን። ዓይኑ ዙሪያ ትንንሽ መስመሮች እንዳሉት ያወቅሁት ያኔ ነው። ድንጋይ ሲፈልጥ ፀሐዩን እየሸሸ ዓይኑን ሲጨፍን ያወጣቸው ይሆናሉ። ሳላስበው አሳዘነኝ፣ ወዲያው ግን «እንዳለች» ያለው ትዝ ሲለኝ ተውሁት።

ከቤታችን በታች፣ ማሽላ በሚጠበቅበት ወራት የተሠራ ማማ ነበር፤ በጋ ላይ ባዶውን ይቆማል። በአራት እንጨት ላይ ከፍ ያለ ስለሆነ ከጣና የሚመጣ ንፋስ ካለ የሚያገኘው እሱን ብቻ ነው። ቀትር ላይ በመንደሩ ከዚያ የሚሻል ቦታ የለም። ማክሰኞ ይመስለኛል፣ ቁርበቴን ይዤ ብሄድ ቀድሞኝ ወጥቶ ተኝቷል። እሱን ውረድ ማለት መነጋገር ነው። መመለስ ደግሞ መሸነፍ ነው። ከማማው ሥር፣ ጥላው ላይ ቁርበቴን ዘርግቼ ተኛሁ።

ከሥር ሆኖ ወደ ላይ ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው! በርብራቡ ቀዳዳ ፀሐዩ ተቆራርጦ ይገባል፣ ትንንሽ የብርሃን ፍራንካ በክንዴ ላይ ይሯሯጣል። የእሱ ትንፋሽ ከላይ ይሰማኛል። ዓይኔን ጨፍኜ ዕቃ መክፈል እጀምራለሁ፤ ይህ ጋን ወደዚህ፣ ያ ቁርበት ወደዚያ። ገና ሦስት አራት ነገር ሳልደረድር ዕቃዎቹ በራሳቸው ይነሡና ይቀላቀላሉ፤ ጋኑ ከሞፈሩ አጠገብ ይቆማል፣ ላሟ ገብታ መሐላቸው ትተኛለች። ደግሜ ስለይ እንደገና ይቀላቀሉብኛል። እንዲህ እያልሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። ያን ሳምንት ቀትር ቀትር ላይ ስከፍል ስከፍል ተኛሁ እንጂ አንድ ቀን ከፍዬ አልጨረስሁም።

በዚያ በመጀመሪያው ቀን ስነቃ ከላይ እጁ በርብራቡ ዳር ተንጠልጥሎ ወርዷል። መዳፉ ወደ እኔ ነው፤ የቆሰለው ቦታ ቆዳው አዲስና ቀላ ያለ ሆኗል። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። አልዘረጋሁም። ግን ለብዙ ጊዜ እያየሁት ተኛሁ፣ ዋነሷም ስትጮህ፣ ንፋሱም ሲመጣ ሲሄድ። እንዲያ ያለ ሰላም ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር፤ ለመፋታት የተቀጣጠርን ሰዎች መሆናችን እስኪረሳኝ።

በማግሥቱ ከወንዝ ዳር ዶቅማ ለቅሞ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ አመጣ። ለእኔ አልሰጠኝም። ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ፣ ከእኔም ከእሱም እኩል በሚርቅ ቦታ አፈሰሰና ሄዶ ተቀመጠ። ጥቁር፣ ወዝ ያለው፣ በፀሐይ የሞቀ ዶቅማ። እስኪመሽ አልነካም ብዬ ነበር፤ እስከ ረፋድ እንኳ አልቻልሁም። አንድ አነሣሁ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ጭብጥ ሙሉ። እሱም ከወዲያ በኩል ይለቅማል። ፍሬውን እየተፋን፣ ሳንተያይ፣ ጨረስነው። ከዚያ ለላሟ ውሃ ልሰጥ ስነሣ ጎረቤታችን በአጥር አሻግራ ሰላም አለችኝና አፌን ከፍቼ መለስሁላት። ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ዞርሁ። ባሌ ነው፤ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ምላሴም ከንፈሬም ጥርሴም ሐምራዊ ሆኖ ኖሯል። «ያንተስ?» አልሁት፣ መሐላዬን ረስቼ። ምላሱን አወጣ። የእሱ ከኔ የባሰ ነበር።

ስቄ ወደ ቤት ገባሁ፤ ገብቼም ከምሰሶው ጀርባ ቆሜ ሳቄን ዋጥሁ። ምን ያደርጋል፣ አልሁ ለራሴ። ሰኞ መምጣቱ አይቀር።

ሐሙስ ገላዬን ልታጠብ ወንዛዬ መሄድ አማረኝ። ግን ቤቱን ጥሎ የወጣ ጥፋተኛ ነው ተብሏል። በመንደሩ መንገድ ሲያልፉ አባታችንን ጠበቅሁና፣ «ለመታጠብ መሄድ መውጣት ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። «ብቻሽን ከሄድሽ መውጣት ነው» አሉ። «አብራችሁ ከሄዳችሁ መውጣት አይደለም።» ያኔ ጢማቸውን ለምን እንደያዙ አልገባኝም፤ ዛሬ ሳስበው ሳቃቸውን ሲደብቁ ነበር።

አብረን ሄድን። በሙቀት ላይ ፍል ውሃ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ውሃው መጀመሪያ ያቃጥላል፤ ከዚያ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ሰውየው የት እንዳለ ይጠፋዋል። ሲወጡ ደግሞ ያ የሚያነድ ፀሐይ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ገላ ላይ ንፋስ እንደ ሐር ይሄዳል። ጧት ሴቶች ይገባሉ፣ ፀሐይ ሲጠነክር ወንዶች። ከአንበሳሜም፣ ከደብረ ታቦርም የመጡ ሴቶች ነበሩ፤ እንፋሎቱ ውስጥ ጭንቅላታችን ብቻ ብቅ ብሎ፣ ማን ባለጸጋ ማን ድሃ እንደሆነ ሳይለይ፣ ዓይናችንን ጨፍነን ተቀመጥን።

አጠገቤ የነበሩ አንዲት አሮጊት፣ «ልጀ፣ ከመንገዱ ዳር ከሾላው ሥር የተቀመጠው ሰው ባልሽ ነው?» አሉኝ።

«ለጊዜው» አልሁ።

«እህ!» አሉና፣ «ለጊዜውም ቢሆን ጥሩ ጠባቂ ነው። ስንወርድ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አላነሣም» አሉ።

እኔ ወደ ውሃው ዝቅ አልሁ። ውሃው ጆሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር።

እሱም ታጥቦ ወጣና ተመለስን። ባል ከፊት ሚስት ከኋላ ነው የሚሄደው፤ ልማዱ ነው። በዚያን ቀን ግን አንድ ነገር አየሁ። ጥላ ባለበት ሁሉ ይቆማል። ዘወር ብሎ አያየኝም፤ ዛፉ ሥር ቆሞ ወደ ሩቅ ይመለከታል። እኔ ደርሼ ጥላው ውስጥ ስገባ፣ ላቤን እስክጠርግ ይቆይና መንገዱን ይቀጥላል። ዋንዛው ሥር፣ ግራሩ ሥር፣ ብሳናው ሥር እንዲሁ አደረገ። ከዚያ ሌላ ነገር መጣብኝ። ከሠርጋችን ጀምሮ መንገድ በሄድን ቁጥር እንዲህ ያደርግ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ድካም ይመስለኝ ነበር። የሚያርስ፣ ድንጋይ የሚፈልጥ ጎልማሳ ከኔ ቀድሞ ይደክማል? ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስቤ ሄድሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ መፋታቱን አልፈለግሁም። እውነቱን ልናገር፣ ጨርሶ አልፈለግሁም። ግን በነፍስ አባቴ ፊት አልኖርም ያልሁ እኔ ነኝ። እሱ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ቃል «ቆይ» ቢለኝ እቀራለሁ አልሁ። ዓርብ ጠበቅሁ። ቅዳሜ፣ የቅዱሳት አንስት ዕለት፣ ፀጉሬን ቅቤ ተቀብቼ ከደጁ ተቀምጬ ጠበቅሁ። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሁለታችንም ከብቶቹ ከውሃ ሲመለሱ አየን፤ አቧራቸው ወርቅ መስሎ በፀሐዩ ውስጥ ተነሥቶ ቀረ። አፉን የከፈተ መሰለኝ። ከዚያ ተነሥቶ ጥጃዋን ሊያስር ሄደ። እሑድ ከሰዓት ደመና መጥቶ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ሳይዘንብ ተበተነ። እኔም እንዲሁ ነበርሁ፤ ላለቅስ ብዬ አላለቀስሁም። ሰው አይለወጥም፣ ወደ ጉና እመለሳለሁ፣ አልሁ።

ሰኞ ማለዳ አባታችን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ከአጥራችን ውስጥ ካለችው ብሳና ሥር ተቀመጡ። አሁንም እንዳላችሁ ናችሁ ብለው ጠየቁን። እሱ እኔን አየ። እኔ እሱን አየሁ።

«እንግዲያው ክፈይ» አሉኝ።

ተነሣሁ። ሳምንቱን ሙሉ የተቀላቀለብኝን ዕቃ አሁን ስይዘው ቀላል ሆነ፤ እያንዳንዱ ወደ ባለቤቱ ሄደ። በአንድ በኩል ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ ማረሻውን፣ ጅራፉን፣ ማጭዱን፣ ጦሩንና ጋሻውን አኖርሁ፤ ሁለቱን በሬዎች አምጥቼ አጠገቡ አሰርሁ። በሌላው በኩል ወፍጮውን ከነመጁ፣ ወንፊቱን፣ ሰፌዱን፣ እንዝርቱን፣ ጋኑንና እንስራውን፣ የቅቤ መናጫውን ቅል አኖርሁ፤ ላሚቱን ከነጥጃዋ እዚያ አሰርሁ። ወፍጮውን ስገፋው ወገቤ ሊቆረጥ ነበር። ማንም ቢያየው አንዱ የወንድ፣ አንዱ የሴት ክምር ነው። ይህን ያደረግሁት ምርጫውን ላቀልለት ብዬ ነው። ደግሞም ላሚቱ ለኔ እንድትደርስ ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም።

«ምረጥ» አሉት አባታችን።

ባሌ ተነሣ። በበሬዎቹ በኩል አለፈ፤ ቀዩን በሬ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ከዚያ ተሻግሮ መጣና ወፍጮው አጠገብ ቆመ።

«ይኸን» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው፣ «አንተ ሰው፣ በደንብ አይተኸዋል? የሴት ዕቃ ነውኮ!» አሉት።

«አይቸዋለሁ።»

«ወንፊቱንም? እንዝርቱንም?»

«እነሱንም።»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ግን «እንዴት ተደርጎ!» ብዬ ጮኽሁ። «ያ የኔ ነው! እናቴ የሰጠችኝ ወፍጮ ነው! አባቴ፣ ይህ ፌዝ ነው!»

«አንች ከፈልሽ፣ እሱ መረጠ» አሉ አባታችን። «ፍርዱ ይኸው ነው። በሬዎቹ ያንች ናቸው፤ ሞፈሩም፣ ጦሩም።»

ክምሬን አየሁት። ሁለት በሬዎች፣ አንድ ሞፈር፣ አንድ ጋሻ። ሴት እርፍ አትጨብጥም፤ በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። ይህን ሁሉ ታቅፌ ጉና ድረስ ልወጣ ነው? ወንድምም የለኝ የሚያርስልኝ። እሱስ? ወንድ ወፍጮ ላይ ተንበርክኮ ቢታይ ሴቶች በየሠርጉ ይዘፍኑበታል። ዱቄት ከየት ያመጣል? ሰውየው ያበደ መሰለኝ። የኔን ጉዳት ትቼ የእሱ ጉዳት ያንገበግበኝ ጀመር።

አባታችን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ «እንግዲህ ልጀ፣ ወፍጮ ይዘሃል» አሉት። «ማን ሊፈጭልህ ነው?»

ባሌ አንገቱን ደፋ። ከአንገቱ ላይ ላቡ ሲወርድ አየዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያስበው የኖረውን ነገር፣ ምናልባትም ዓመታቱን ሙሉ ሲያስበው የኖረውን፣ አንሥቶ ሊያወጣው ሲታገል ይታየኛል፤ ከባድ ድንጋይ ሲያነሣ የሚያደርገው አተነፋፈስ ነው የነበረው።

«እለምናታለሁ» አለ።

አባታችን መቋሚያቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው። ማንም ታረቁ አላለንም፣ ማንም አልመረቀንም። ከአጥሩ ሲወጡ ብቻ አንደኛው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየሁ።

ፀሐዩ እየበረታ ነበር። እሱ ወፍጮው አጠገብ፣ እኔ በሬዎቹ አጠገብ ቆመናል።

«መቼ ነው የምትለምነኝ?» አልሁት።

«አሁን» አለኝ።

ዕቃው ከዚያ በኋላ መልሶ አልተቀላቀለም። ፍርድ ፍርድ ነው አልን፤ እስኪሞት ድረስ ወፍጮው የእሱ፣ በሬዎቹ የኔ ሆነው ኖሩ። ሊያርስ ሲወጣ «በሬዎችሽን ልውሰድ ወይ?» ይለኛል። ዱቄት ሲያልቅ መጥቶ «እባክሽ ፍጭልኝ» ይለኛል፤ እኔም አንዳንድ ቀን ሆን ብዬ፣ ደግሞ እንዲለኝ፣ አልሰማሁም እላለሁ። ልጆቻችን ይህን እያዩ አደጉ፤ በሁሉም ቤት እንዲህ የሚደረግ ይመስላቸው ነበር።

እሱ ከሞተ በኋላ ወፍጮው ያለ ሥራ ተቀመጠ። ልጆቼ እናታችን አረጀች አሉ እንጂ ጉልበቱስ ነበረኝ። የሰው ወፍጮ ነው፤ ባለቤቱ ሳይለምነኝ ልፈጭበት አልቻልሁም።